ሁለት ዙር በአንድ ኤንትሬ

ከአንድ የኪነት ጉዞ ተመልሶ ከመኪናው ሳይወርድ፣ ለሚቀጥለው ጉዞ እዚያው ጭነት ላይ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሰው በፍኖተ ሰላም ከእኔ ሌላ አላውቅም። አለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር። ዛሬ ልጆቼ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ደርሰው ሲመለሱ ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ሳይ ሳቄ ይመጣል። እኔ ከጄኔሬተር ጎን ተጣብቄ፣ አቧራ እየቃምሁ፣ ሁለት ዙር በተከታታይ የዞርሁ ሴት ነኝ። ልኩራበት እንጂ፣ ምን ላድርገው!

ዘመኑ የደርግ ነው። በየአካባቢው የወጣቶች የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። የእኛ ሥራ በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተጭነን ከገበያ ገበያ መዞር ነው። ገበያው ላይ ስንደርስ የመኪናዋ የጎን ስፖንዳ ይወርድና የጭነቱ ቦታ መድረክ ይሆናል። ሞንታርቦው ጣሪያዋ ላይ ይታሰራል፣ ጄኔሬተሩ ይንጫጫል፣ እኛም እንወጣለን። በመጀመሪያ ከላይ የታዘዘውን እንዘፍናለን፤ ስለ አብዮቱ፣ ስለ መሠረተ ትምህርት፣ ስለ አምራቾች ማኅበር። ቀጥሎ ደግሞ ሕዝቡ የመጣበትን፣ የአገሩን ዘፈን። የፊተኛውን ሕዝቡ በትዕግሥት ይሰማዋል፤ የኋለኛውን ግን እኛ ሳንጀምረው ትከሻው ይጀምረዋል።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ እየጠበቅሁ ነበር። ቀበሌ ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ ሴቶቹ ዝፈኚ ብለው ገፍተው አስነሡኝና ዘፈንሁ። በሳምንቱ የቡድኑ ድምፃዊት ሆንሁ። ያን ጊዜ እንደ እኔ ከላይ የሚወጣ ድምፅ ያላት ልጅ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አልነበረችም፤ ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው።

ችግሩ አባቴ ናቸው። አባቴ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ዘራቸው ከአገው ነው፤ እኛን ልጆቻቸውን በአማርኛ፣ በሬዎቻቸውን በአገውኛ ነበር የሚቆጡት፤ በጣም የተናደዱ ዕለት ብቻ ቋንቋው ይቀያየርባቸዋል። ከልጆቻቸው መካከል እኔን ለትምህርት ፍኖተ ሰላም ልከው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ በአህያ እየጫኑ አስተምረውኛል። አስተማሪ ወይም ነርስ ትሆናለች ብለው ሲጠብቁ፣ አንድ ቀን ቡሬ ገበያ ላይ የጨው ነጋዴው «ልጅዎትን እኮ ፍኖተ ሰላም ስትዘፍን አየኋት፣ ጉድ ነው ድምጿ» ይላቸዋል። ሰውየው ደስ የሚላቸው መስሎት ነበር። አባቴ ጨዋቸውን እንኳ ሳይገዙ ተመለሱ።

በእሳቸው አስተሳሰብ በሠርግ መዝፈን፣ በዓመት በዓል መጨፈር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም እሳቸው ራሳቸው ፎካሪ ነበሩ። ነገር ግን ከገበያ ገበያ እየዞሩ፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ መዝፈን የአዝማሪ ሥራ ነው። የአዝማሪ ሥራ ደግሞ ለአዝማሪ ልጅ ነው፤ ባለ ርስት ቤት ለተወለደች ልጅ አይደለም። ርስቱ በአዋጅ ቀርቶ እንኳ እሳቸው ውስጥ አልቀረም ነበር። «ቤቴን እንዳትረግጥ» ብለው ላኩብኝ። እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝና «ደግ፤ ቤታቸውን አልረግጥም» ብዬ ላክሁ። ከዚያ ወዲያ ስንቁም ቀረ፣ መልእክቱም ቀረ። ማታ ማታ አለቅስ ነበር፤ ቀን ቀን ደግሞ እዘፍን ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ወደ ደንበጫ ወርዶ ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣው ነው። ወሩ የካቲት፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። የደጋ ዳሞት ብርድ የዋዛ አይደለም። የማሲንቆ ተጫዋቻችን ጣት ደንዝዞ ጭራው ክሩን አልነካ ሲለው እያሞቀ ይመታ ነበር። የፈረስ ቤት ሰው ግን ብርዱን የረሳ ሕዝብ ነው፤ አንድ ዘፈን ሦስት ጊዜ ያስደግማል። ደጋገምሁላቸው። ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ቡድኑ ሁሉ መታጠቢያና አልጋ ብቻ ነበር የሚያልመው። መኪናው እንደቆመ እቃቸውን እየወረወሩ ወረዱ።

እኔ አልወረድሁም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጄኔሬተር የጫነችው መኪና ያቺው አንዲቷ ብቻ ነበረችና ለሌላ ቡድን ተረኛ ሆና ነበር። እሱም ፍኖተ ሰላም ለሥልጠና የከረመው የቡሬ ቡድን ነው። የእነሱ ድምፃዊት ወባ ይዟት ተኝታለች። ጉዟቸው ደግሞ ከቡሬ ተነሥቶ፣ በአባቴ ሰፈር ገበያ አልፎ፣ ሽንዲ ይገባል። ይህን ገና ፈረስ ቤት ሳለን ሰምቼ ነበር። ቤታቸውን አትርገጪ ብለውኛል፤ ገበያውን ግን አትርገጪ አላሉኝም። አባቴ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስዘፍን ቢሰሙኝ ነገሩ ሌላ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርሁ። የቡድናችን ኃላፊ «ውረጂ እንጂ፣ ድምፅሽ እኮ አልቋል» ቢለኝ፣ «ያለቀው ያንተ ነው» አልሁት። የታጠፈው ሸራ ላይ ተደላድዬ ቁጭ አልሁ።

እንግዲህ ሁለት ጉዞ በአንድ መኪና የሚያስብ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ልንገረው። በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ረኀብ ነው። ለተመለሰው ቡድን የተዘጋጀውን ምሳ የበሉት ከመኪናው የወረዱት ናቸው፤ ለሚሄደው ቡድን የተዘጋጀውን የሚበሉት ገና ሊሳፈሩ የተሰለፉት ናቸው። መኪናው ላይ የቀረው ሰው የማንም እንግዳ አይደለም። «አንች የየትኛው ቡድን ነሽ?» ይሉኛል ወጥ ቤቶቹ። «የሁለቱም» እላለሁ። «እንግዲያውስ በሁለቱም በልተሻል» ብለው ድስቱን ይከድናሉ። ያዳነኝ ሾፌሩ ነው። ሾፌራችን የቡሬ ነጋዴ ልጅ፣ ሙስሊም ነው፤ የክርስቲያን እጅ ያረደውን ሥጋ ስለማይበላ ሁልጊዜ የራሱን ስንቅ ይዞ ነው የሚሄደው። ቆሎውንና ድርቆሹን ከሁለት ከፈለልኝ። «ከዚህች መኪና የማንወርድ እኔና አንች ብቻ ነን፤ እንግዲህ ቤተሰብ ሁነናል» አለኝ።

ቀጥሎ ደግሞ አዲሶቹ ይመጣሉ። አዲስ ተሳፋሪ መኪናዋ ከእሱ ጋር የተወለደች ይመስለዋል። ያቺ ሸራ የእኔ እንደሆነች፣ በየትኛው በኩል ዘይት እንደሚያንጠባጥብ፣ ጄኔሬተሩ ስንት ጊዜ ተመትቶ እንደሚነሣ አያውቅም። አንዲት ደማም ልጅ መጥታ «ተነሽልኝ፣ እዚህ እኔ ነኝ» አለችኝ። «እኔ እዚህ ከፈረስ ቤት ጀምሮ ነኝ፤ አንችስ ከየት ጀምሮ ነሽ?» አልኋት። ደህና አድርጋ ተቀየመችኝ፤ ሽንዲ እስክንገባ አላናገረችኝም። በታመመችው ልጅ ምትክ እንድዘፍን ቀሚሷ ተሰጠኝ፤ እሷ ቁመተ ሎጋ ኖራ ጫፉ ሲጎተት እየረገጥሁት ስንት ጊዜ ልወድቅ ነበር። አቀራራቢያቸው ቀልድ ሲናገር ደግሞ ከእኔ በቀር ሁሉም ይስቃል፤ የእኛም አቀራራቢ ያንኑ ቀልድ በየገበያው ሲናገረው ነበር የሰነበተው። ከየት እንደተማሩት እንጃ።

ከሁሉ የከፋው ግን ማሲንቆው ነው። የእነሱ ማሲንቆ መቺ ክሩን የሚወጥረው በታመመችው ልጅ ድምፅ ልክ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከእኔም ከፍ ብላ ነው የምትዘፍን። ዝቅ አድርግልኝ ስለው «እንዲህ ነው የለመድነው» አለኝ። ኩራቴም እንደገና መለመንን አልወደደም። ድምፅሽ አይደርስም ከምባል ጉሮሮዬ ቢቀደድ ይሻለኛል ብዬ ከፍ አልሁ።

ቡሬ ላይ እናቴ መጣች። ከገበያተኛው መካከል ቅቤዋን በቅል እንደያዘች ስታየኝ መጀመሪያ ፀጉሬን ነው የያዘች። «ምነዋ ልጄ፣ ዱቄት ቤት ነው እንዴ የዋልሽው?» አለች። ያን ሁሉ የዳሞት አቧራ በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነገ ከኪነቱ ቦታ የቀረ ሁሉ ይቀጣል ብሏል። «እና አባትሽም ይመጣሉ» አለች። ልቤ ዘለለ። «አትዝለይ» አለችኝ፣ እናቴ ፊቴን ስለምታውቀው። «ለትእዛዙ እመጣለሁ፤ ግን ጀርባዬን ነው የምሰጣት ብለዋል።»

የዚያን ዕለት ቡሬ ላይ አእምሮ ያለው ሰው ቢሆን ድምፁን ይቆጥብ ነበር። ግን እናቴ ከፊቴ ቆማ ነበር። እናቴ ሰው መሐል ስዘፍን ሰምታኝ አታውቅም። ያለኝን ሁሉ አወጣሁት። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ውስጥ ሲሰነጠቅ ተሰማኝ፤ ጭብጨባው ብዙ ስለነበር ሌላ ሰው አልሰማውም። ሾፌሩ ብቻ ከመሪው ጀርባ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ኋላም ዝንጅብል አምጥቶ «አኝኪ፣ አትናገሪ» አለኝ። በማግሥቱ እስክንደርስ ድረስ አኘክሁ፣ አልተናገርሁም። አልረባኝም።

የአባቴ ገበያ ትልቅ ዋርካ ያለበት ሜዳ ነው። መኪናዋ ስትቆም ሰው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሁሉን በየጎጡ አስቀምጧል። ዓይኔ ሲፈልግ ቆይቶ ከሜዳው ጥግ፣ ከታሰሩት ፈረሶች አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ጋቢ የተከናነበ ጀርባ አገኘ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል፤ እሳቸው ወደ ፈረሶቹ። የአባቴን ጀርባ ከሺህ ጀርባ መካከል አውቀዋለሁ። 

ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ። እኔ የማውቀውን ያህል መታሁት፤ የፈረስ ቤት አቧራ ጠጥቶ ጠጥቶ በቃኝ ብሎ ነበር። ስለዚህ ማይክራፎን የለም፣ ሞንታርቦ የለም። የታዘዘውን ዘፈን ቡድኑ በጋራ ዘፈነ፤ በኅብረት ሲሆን የእኔ ድምፅ መጎዳት አይታይም። ከዚያ ለእኔ ተለቀቀልኝ። የመረጥሁት የፍቅር ዘፈን ነበር፤ ከላይ የሚጀምር፣ የእኔ ዝና የሆነ። አፌን ከፈትሁ። የመጀመሪያው ስንኝ እኩሌታው ወጣ፤ እኩሌታው ግን እዚያው ቀረ። እንደገና ሞከርሁ። የባሰ ሆነ። እንደ አሮጌ በር ነው የጮኸው።

ልጆች ሳቁ። ሴቶቹ ደግሞ ከሳቁት ልጆች የባሰውን አደረጉ፤ አዘኑልኝ። «እሰይ እናቴ፣ አይዞሽ!» አሉኝ። ማሲንቆው ቆመ። የቡሬው ቡድን ኃላፊ ከኋላ ቀሚሴን ይዞ «ውረጂ፣ በቃ ውረጂ» ይለኛል። በዚህ ዙር ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ውረጂ ብቻ ነው። ወደ ጥጉ አየሁ። ጀርባቸው አልዞረም፤ ግን ራሳቸው ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። እየሰሙ ነው! ሰምተው የሚሄዱት ይህንኑ ሊሆን ነው? ልጄ አዝማሪ ሆነች ብለው ያዘኑት አባቴ፣ አዝማሪነቱንም አልቻለችበትም ብለው ቤታቸው ሊገቡ?

ከላይ ያለው ድምፄ ሄዷል፤ ከታች ግን አንድ ሻካራ ነገር ቀርቷል። ማሲንቆ መቺውን ዞር ብዬ «ዝቅ አድርገው፤ ሽለላ ነው» አልሁት። «ሽለላ የወንድ ነው» አለኝ። «ዝቅ አድርገው!» አልሁት፤ ምናልባት ዓይኔን አይቶ ይሆናል፣ ዝቅ አደረገው። ከሆዴ አወጣሁት። ቃሉን ከየትም አላመጣሁትም፣ ከአባቴ ኑሮ ነው። ክረምት ሲሞላ የፈጣምን ወንዝ የሚሻገረውን፣ ጭቃ ውስጥ የተዘፈቀ በሬ በትከሻው የሚያወጣውን፣ ጎረቤቱ ሲታመም ያልተጠራበት ማሳ ሄዶ የሚያርሰውን ሰው እያነሣሁ ሸለልሁ። በጤናማ ድምፄ ቢሆን አያምርም ነበር። ሽለላ ሻካራ ድምፅ ነው የሚፈልገው፤ የእኔ ደግሞ በሁለት ዙር አቧራ ተሞርዶ ነው የደረሰ።

የእኛ አገር ወንድ ሽለላ ሲሰማ መቀመጥ አይችልም። መጀመሪያ ዱላው መሬቱን ይመታል፤ ቀጥሎ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ተነሥቶ «ዘራፍ!» ይልና እየተንጎራደደ የማን አባት፣ የማን ወንድም እንደሆነ ለአገሩ ያስታውቃል። ከዓለም የሚመካበትን ነው የሚጠራው። ከፊት አንዱ ተነሣ። ቀጥሎ ሌላው ተነሣ፤ የበሬውን ስም ጠርቶ ፎከረ። ከከተማ የመጣው ካድሬ ግራ ገባው። «ይሄ ነገር መርሐ ግብሩ ላይ የለም እኮ!» እያለ ወረቀቱን ያገላብጣል። ሚሊሻውም ጠብ መስሎት ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

በዚህ መሐል ከፈረሶቹ በኩል ሰው እየተከፈለ መንገድ ሲለቅ አየሁ። አባቴ ናቸው። ጋቢያቸው ድንጋዩ ላይ ቀርቷል። በስተርጅና የሚይዟትን ምርኩዝ እንደ ጦር ይዘዋታል። መምጣታቸውን ሊቀ መንበሩ አዝዟል፤ መነሣታቸውን ግን ማንም አላዘዘም። መኪናዋ ፊት ሲደርሱ «ዘራፍ!» አሉ። አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ ተንጎራደዱ። በሠርግ ሁሉ ሲፎክሩ የታላቅ ወንድሜ አባት እያሉ ነበር፤ አንዳንዴም ፈረሳቸውን ያነሣሉ። እኔም እሱን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ምርኩዟን ወደ ኤንትሬዋ አነሡና ስሜን ጠርተው፣ አባቷ ነኝ አሉ። ከኋላ ያለው ሰው አልሰማ ይሆናል ብለው ዞረው ደገሙት። ሦስተኛውን በአገውኛ አሉት። ሴቶቹ እልል አሉ። ሽለላውን እንዴት እንደጨረስሁት አላስታውስም፤ እንባዬና አቧራው ፊቴ ላይ ጭቃ ሆነው እንደነበር የነገረኝ ሾፌሩ ነው።

ሲያበቃ እኔን አላናገሩኝም። ወደ ሾፌሩ ሄደው «እንዴት ዋልህ ልጄ። ይች መኪና ከዚህ ወዴት ናት?» አሉት።

«ሽንዲ አባቴ፤ ነገ እዚያ ነው የሚዘፈነው።»

«ቦታ አላት?»

ሾፌሩ ወደ እኔ አየና «ሸራው ላይ ለሁለት ይበቃል» አላቸው። ፈረሳቸውን ለጎረቤት ሰጡ፣ ጋቢያቸውን አስመጡ፣ ወጡ። ደማሟ ልጅ እንኳ ለእሳቸው እጇን ሰጥታ ደገፈቻቸው። አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻቸው አንሥተው በአንገቴ ዙሪያ ጠመጠሙት።

«እንዲህ እስኪዘጋሽ ድረስ ሁለቱን ጉዞ ምን አስደረበሽ?» አሉኝ።

«በእናንተ ገበያ የሚያልፈው ይሄኛው ዙር ሁኖ ነዋ፣ አባየ» አልሁ፤ ድምፅ አውጥቼ ሳይሆን ተንሾካሽኬ።

አባቴ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩና አቧራው ነው እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ። አቧራውማ ነበረ።

በማግሥቱ ሽንዲ ላይ መድረክ ወጣሁ። ሕዝቡ ከአባቴ ገበያ ይበልጣል፤ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ሁሉም የምትሸልለዋን ልጅ ሊያይ ነው የመጣ። አፌን ከፈትሁ፤ ምንም። ከላይም የለም፣ ከታችም የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። እጅ ነሥቼ ወረድሁና ደማሟ ልጅ ወጣች፤ ደህና አድርጋ ዘፈነች፣ አልዋሽም። ሕዝቡ ግን በእኔ አጉረመረመ። «ይችን ነው እንዴ እንዲህ ያወሩላት?» የሚል ድምፅ እስከ መኪናው ጀርባ ይሰማኛል።

ብቅ ብዬ ሳይ አባቴ ሕዝቡ መሐል ናቸው። አንድም የሚያውቃቸው ሰው በሌለበት ገበያ፣ አንዱን በክንዱ፣ አንዱን በነጠላው ጫፍ እየያዙ «የዛሬውን ተዉት፣ ደክሟት ነው። ትናንት ነበር እንጅ! ትናንት ብትሰሟት!» ይላሉ። ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳሉ። «ትናንት አልነበራችሁ!» ይሉታል። እሱም ራሱን ነቅንቆ ሊያልፍ ሲል፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ልጄ እኮ ናት» ይሉታል።